ሳሊሃ ቀልቧን ያገኘችበት ሰሌዳ

ቡራዩ ላይ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለውን የሳሊሃንና የከሊፋን ቀለም ቤት የማያውቅ ግንበኛ የለም። ሚስማሩም፣ ጂፕሰሙም፣ ሮለሩም አለ፤ ቤቱ ስም ያወጣው ግን በቀለም ነው። ያውም በሳሊሃ ቀለም። ከሊፋ ዕቃ ያመጣል፣ ያስጭናል፣ ያስወርዳል። የምትበጠብጠው እሷ ናት። "የደረቀ ሣር ዓይነት" ካሏት የደረቀ ሣር፣ "ማር፣ ግን ነጩ ማር" ካሏት ነጩን ማር አድርጋ በባልዲ ታስረክባለች። ከከታ እስከ ገፈርሳ እሷ ያልበጠበጠችው ሳሎን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

የራሷ ቤት ግን ነጭ ነው። ሳሎኑም ነጭ፣ መኝታ ቤቱም ነጭ። ለምን ሲሏት፣ "ለሰው ስመርጥ ውዬ ለራሴ የምመርጥበት ዓይን አይተርፈኝም" ትላለች።

ይህች ሴት አርፋ አታውቅም። እጇ ቢያርፍ ልቧ አያርፍም። ደንበኛ ገና አፉን ሲከፍት ሊል ያሰበውን እሷ ትጨርስለታለች። ለሰላት ስትቆም ሐሳቧ መጋዘን ገብቶ የጣሳ ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ይገኛል፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ይጠፋትና እንደገና ትጀምራለች። ይህን ሁሉ እሷ ሥራ መውደድ ነው ብላ ነበር የምታስበው። የመጨረሻ ልጇ ኢክላስ ተድራ ኮዬ ፈጬ ከገባች ወዲህ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ቤቱ ጭር ሲል የእሷ ልብ ጫጫታውን ለብቻው ቀጠለ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቁጭ ባለችበት፣ ምንም ሳይሆን፣ ደረቷ ውስጥ ሰው የሚሮጥ ይመስላት ጀመር።

ሐኪም ቤት ሄደች። ደሟ ተለካ፣ ልቧ በማሽን ታየ።

"ልብዎ ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈልግዎ እረፍት ነው" አላት ሐኪሙ።

"እረፍቱ የሚወሰደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ለእረፍት ተብሎ ተፍኪ ያለች እህቷ ዘንድ ተላከች። እዚያም እንደ ደረሰች የእህቷን ጓዳ ከላይ እስከ ታች አውጥታ አጠበችው፤ እህሉን በየዓይነቱ ለይታ ደረደረች፤ የጎረቤት አጥር ተንጋዶ ብታይ ሰዎቹን ቀስቅሳ፣ እላያቸው ላይ ቆማ አስጠገነች። በመጨረሻ እህቷ ለከሊፋ ደወለች። "እባክህ ሚስትህን ውሰድልኝ" አለችው። "እሷ ልታርፍ መጣች፤ አሁን ማረፍ ያለብኝ እኔ ነኝ።"

ነገሩ የተገለበጠው ከሊፋ ለዕቃ መርካቶ በወረደበት አንድ ከሰዓት ነው።

ኦቦ ሁንዴ የሚባሉ፣ ገፈርሳ በኩል አዲስ ቤት የሠሩ ሰው፣ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ገቡ። "የበሰለ ማንጎ" ብለው ያዘዙት ቀለም ነው፤ ወስደው ሲመልሱት ሰንብተዋል።

"አዴ ሳሊሃ፣ እንዳትቆጪኝ" አሉ ገና ከበሩ። "ሚስቴ ይሄ ማንጎ አይደለም፣ ፓፓያ ነው አለች።"

"ባለፈው ብርቱካን ነው ያሉት እሳቸው አይደሉም?"

"እሷው ናት። ከዚያ በፊትም ካሮት ብላዋለች። ታዲያ ምን ላድርግ? ግድግዳው ሥር ውላ የምታድረው እሷ ናት።"

ሳሊሃ ባልዲውን ተቀበለቻቸው። ደረቷ ውስጥ ያ ሩጫ ጀምሯል። ጥቂት ቢጫ ጨመረችበት፣ በጠበጠችው፣ ብሩሽ አነሳችና ወደ ሰሌዳው ዞረች። ሰሌዳው ግድግዳ የተደገፈ ትልቅ ኮምፔንሳቶ ነው፤ አዲስ ቀለም የሚሞከረው እሱ ላይ ነው። አሮጌው ሞልቶ ስለነበር በቦታው የቆመው አዲስና ባዶ ነበር።

ብሩሹን ነክራ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳበችው። ማንጎ ይሁን ፓፓያ አላየችም። ያየችው አወራረዱን ነው፤ ከላይ ወፍሮ ጀምሮ ወደ ታች እየሳሳ፣ የብሩሹን ፀጉር እንደ ማረሻ ትልም እየተወ ሲሄድ። ከዚያ እጇ ከጎኑ ሌላ መስመር ፈለገ። የፈለገው እጇ ነው፤ እሷማ ገና የኦቦ ሁንዴን ሚስት በሐሳቧ እየሞገተች ነበር። ሁለተኛውን ሳበች። ቀጥላ አጠገቧ ክዳኑ ተከፍቶ ከነበረ የሰማያዊ ጣሳ ነከረች። ሰማያዊው ቢጫውን ሲነካ፣ ጠርዙ ላይ ማንም ያላዘዘው አረንጓዴ ብቅ አለ።

"ውይ!" አለች ሳሊሃ።

እንግዲህ እሷ ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ እንደሚወልዱ የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ ዕድሜዋን በዚሁ ነው የኖረችው። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አረንጓዴ ለእሷ ሁልጊዜ ታዝዞ የሚሠራ፣ ባለቤት ያለው ነገር ነበር። ይሄ ባለቤት የለውም። ራሱ መጣ። እሷም ለመጣ እንግዳ እንደሚደረገው ዘወር ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ ወደ ቀኝ ሲፈስ በብሩሹ ጫፍ ተከተለችው። ቀይ ደረበችበት። ቀዩ በዛ። በእጇ መዳፍ ጠረገችው፤ ጠረግ ያደረገችበት ቦታ ደግሞ ከቀለሙ ይበልጥ አማራት። የቀለሙ ቅዝቃዜ መዳፏ ላይ ተሰማት። የብሩሹ ፍትጊያ ተሰማት። ውጭ ታክሲ ሲጣራ፣ ጎማ ሲያልፍ ሰማች፤ ሰማችና አሳለፈችው።

ኦቦ ሁንዴ መጀመሪያ ማንጎ እየሞከረች መስሏቸው ቆመው ጠበቁ። ቆይተው የጂፕሰም ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጠብቀው እንደሆነ ወይም ረስተውት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም።

የዐስር አዛን ሲሰማ ሳሊሃ ቀና አለች። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። በንጹሕ እጇ ደረቷን ዳበሰች። የሚሮጠው ሰው ቁጭ ብሏል።

"አዴ ሳሊሃ፣ ከዚህ ውስጥ ማንጎው የቱ ነው?" አሉ ኦቦ ሁንዴ ቀስ ብለው።

"አላውቅም፣ ኦቦ ሁንዴ።"

"እኔም አላውቅም። ግን እዚህ ተቀምጬ አንድ ዓይነት ደስ ብሎኛል" አሉና ባልዲያቸውን አንስተው፣ ያለውን ቀለም እንዳለ ይዘው፣ ሚስታቸውን ሊያሳምኑ ሄዱ።

የዚያን ዕለት የዐስር ሰላቷን ሳሊሃ ረከዓውን ሳትስት ሰገደች። ግንባሯ ምንጣፉን ሲነካ፣ ግንባሯ ምንጣፉን እንደ ነካ አወቀች። ይኸው ነው። ለሌላው ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እሷ ግን ስትነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የደስታ።

በማግስቱ ድንቅቱ መጣች። ድንቅቱ ከሱቁ ፊት ለፊት ወተትና ጎመን የምትሸጥ፣ የገፈርሳ ገበሬ ልጅ ናት። ከሳሊሃ ጋር አንዷ ባማርኛ ስትጀምር ሌላዋ በኦሮምኛ እየጨረሰች፣ ኢዱንም ፋሲካውንም ደጅ ለደጅ እየተጠራሩ ነው የኖሩት። ወተቱን ልታቀብል ገብታ ሰሌዳው ፊት ቀጥ አለች።

"ማሊ ኩን? ምንድነው ይሄ?"

"ምንም አይደለም።"

"ምንም ካልሆነ ዓይኔን ለምን ያዘው? ንገሪኝ እንጂ፣ ምንድነው?"

ሳሊሃ ልትነግራት ሞከረች። ቀድሞ አለማሰብን፣ እጅ ወደሚሄድበት መልቀቅን፣ የተሳሳተ መስመር ቢመጣ አለማጥፋትን፤ ለማውራት ሲሞከር እብደት የሚመስል ነገር ሆነባት። ስለዚህ አዲስ ሰሌዳ አቆመችና ብሩሹን ሰጠቻት። ድንቅቱ አላቅማማችም። ሮለሩን አነሳች! ቀይ ጣሳ ውስጥ ዘፈቀችው፤ ሰሌዳውን ከታች እስከ ላይ ገመሰችው፤ ከዚያ እንደ ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቀች፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

"አንቺ፣ ይሄ ነገር መድኃኒት ነው እንዴ?" አለች በመጨረሻ።

"ሐኪሙ ያዘዘልኝ ሳይሆን አይቀርም።"

የቀረው ከሊፋ ነበር። ከሊፋ ደግ ሰው ነው፣ ግን የሚደነግጥ ሰው ነው። ሚስቱ ከምሳ በኋላ ሱቁን ትታ ጓሮ ገብታ፣ ከየጣሳው ሥር የተረፈውንና ደንበኛ የመለሰውን ቀለም እየጨለፈች ኮምፔንሳቶ ላይ ስታሳልፍ ባየ ጊዜ አንድ ሳምንት ከሩቅ ዞራት። ከዚያ አጠገቧ ቆመና ራሱን ዘመም አድርጎ ሥዕሉን አየው።

"ይሄ ግመል ነው?"

"አይደለም።"

"ተራራ ነው?"

"አይደለም፣ ከሊፋ።"

"እሺ ምንድነው ታዲያ?"

"ቀለም ነው። ፊት የለው፣ ዓይን የለው፤ ነፍስ ያለው ነገር አልሳልኩም። ደግሞ ምንድነው አይባልም። እንዲያ ከተባለ ይደነግጣል።"

"ማን ነው የሚደነግጠው?"

"እጄ።"

ከሊፋ "አስተግፊሩላህ" ብሎ ወጣ። ማታ እራት ላይ ግን ሳሊሃ "ዛሬ መርካቶ እንዴት ዋልክ?" አለችው፤ አለችውና መልሱን ጠበቀች። እሱ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ አንድ ወዛደር ስለ ነገረው ቀልድ፣ አንድ የጥንት ወዳጁን ስለ ማግኘቱ እስከ መጨረሻው ተናገረ። እስከ መጨረሻው። መሐል ላይ ማንም አልጨረሰለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመርካቶ ሲመለስ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በመኪናው ጀርባ ትርፍ ኮምፔንሳቶ ይዞ መምጣት ጀመረ።

ኢክላስ ከኮዬ ፈጬ ልትጠይቃቸው የመጣች ዕለት የጓሮው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ሰሌዳ ተደርድሮበት አገኘችው። ጮኸች። "ኡሚ! አርቲስት ሆነሽ ሳትነግሪን?"

"ምን አርቲስት፤ እጄን እያናፈስኩት ነው።"

ልጅቷ አልሰማችም። ስልኳን አውጥታ ሁሉንም አነሳች፤ አውቶቡስ ላይ ሆና ለዓለም ሁሉ ለቀቀችው። ሳምንት ሳይሞላ ከሱሉልታ ሊቤ የምትባል ሴት ደወለች። ካፌ ልትከፍት ነው፤ ትልቁን ግድግዳ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው እንድትስልላት ትፈልጋለች። ሳሊሃ አሻፈረኝ ማለት ነበረባት። ነገር ግን ሰው ነችና ደስ አላት። "እሺ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከሊፋ መኪናዋን አስነሳ። ቀለሙ ከኋላ፣ ሳሊሃና ድንቅቱ ከፊት ተጣበው፣ በአዲሱ ገበያ አድርገው የእንጦጦን ዳገት ወጡና ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወረዱ። ብርዱ ይቆነጥጣል፣ ሣሩ ግን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ድንቅቱ መንገዱን ሙሉ ዘፈነች።

ሊቤ ቀልጣፋ ሴት ናት። ለስላሳ ሰላምታ፣ ፈጣን ዓይን፤ ካፌውን ለመክፈት ስንት ነገር እንደተሸከመች ፊቷ ላይ ይታያል። ወለሉ ላይ ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሰዎች አሉ፤ ጥግ ላይ አናጢ ባንኮኒ ይሠራል፤ ገና ሥራ ያልጀመሩ አስተናጋጆች መስታወት ይወለውላሉ። ሊቤ ስልኳን ግድግዳው አጠገብ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

"ይኸውልሽ፣ ቢጫው እዚህ ጋ ነበር። ሰማያዊው ከዚህ ይጀምራል። እዚህ ጋ ግን አበባ ነገር ብታደርጊበት..."

ሳሊሃ ቀባች። ሰው የራሱን ፊርማ እያየ ሲፈርም እጁ እንደሚከዳው፣ የእሷም ከዳት። ፎቶውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እንደገና ፎቶውን። መስመሩ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆነ። "ትንሽ ወደ ግራ" አለች ሊቤ። "አይ፣ ቢጫው በዛ።" ደረቷ ውስጥ ያ ሩጫ ተመልሶ መጣ። አጠፋችው፣ ደገመችው፣ ደግማ አጠፋችው። ድንቅቱ ዘፈኗን አቆመች።

ሳሊሃ ዓይኗን ጨፈነች። ሲገባት ብሩሹን ወደ ሊቤ ዘረጋች።

"እንቺ።"

"እኔ? እኔ እኮ መሳል አልችልም።"

"እኔም አልችልም፣ እህቴ። ብችልማ ኖሮ ያልሽኝን እሠራልሽ ነበር። ያን ፎቶ አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሄዷል፤ እጄ መንገዱን አያውቀውም። የካፌው ባለቤት አንቺ ነሽ። ስልኩን አስቀምጪና ዓይንሽ የወደደውን ጣሳ ንከሪ።"

ሊቤ ዙሪያዋን አየች። ሠራተኞቹ ሁሉ ዘወር ብለዋል። ብሩሹን ተቀበለች፤ የጣሳዎቹን ሰልፍ አየች፤ ብዙ ቆይታ ሐምራዊውን ነከረችና ግድግዳው ላይ አንዲት ሽንብራ የምታህል ነጥብ አስቀመጠች።

"ሂንሶዳቲን! አትፍሪ!" አለች ድንቅቱ።

"ትንፋሽሽን ልቀቂውና ሳቢው" አለች ሳሊሃ።

ሊቤ ለቀቀችው። ለካ ያን ትንፋሽ ካፌው ከተጀመረ ጀምሮ ይዛው ኖሯል! ሐምራዊው ወደ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። ወንበር ላይ ወጣች። ጫማዋን አወለቀች። ሊቤ መጀመሪያ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ቆይታ ማዜም ጀመረች፤ ስታዜም ሰው እንዳለ ረስታው ነበር። ከዚያማ ማን ይመለስ? አንዷ አስተናጋጅ ብርቱካንማውን አነሳች። አናጢው "እኔም ልሞክር እንዴ?" አለና መልስ ሳይጠብቅ በእርሳሱ ፈንታ ብሩሽ ጆሮው ላይ ሰካ። ሴራሚክ የሚያነጥፉት ሰዎች በሚያንጠፈጥፍ እጃቸው መጡ። ግድግዳው ላይ እጅ ከእጅ ተላለፈ፤ የአንዱ ቀለም የሌላውን ተሻገረ። ሳሊሃ ሁሉም መሐል ሆና፣ ማንም ምንም ሳያዛት፣ ጥጉ ላይ በነጭና በግራጫ ጭጋግ የመሰለ ነገር እየቀባች ነበር። ደረቷን መዳበስ እንኳን ትዝ አላላትም።

ከሊፋ በሩ አጠገብ ቆሞ የሰውን ጫማ ይጠብቃል። "ጫማ ማን ይሰርቃል?" ቢሉትም አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ፣ ማንም አያይም ብሎ፣ አንድ ጣቱን ሰማያዊ ውስጥ ነከረና በሩ ጎን አስነካት። አያት። ደግሞ ነከረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ይሠራ ነበር።

"አባቴ፣ እሱ ምንድነው?" አለች አንዲት አስተናጋጅ።

ከሊፋ ተቆጥቶ ዞረ። "እንደሱ ተብሎ አይጠየቅም!" አላት።

ሳሊሃ ይህን ስትሰማ መሰላሉን ይዛ እስክትቆም ድረስ ሳቀች።

እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ሁሉ አላማረም። በስተቀኝ ሁሉም ቀለሙን ያራገፈበት ቦታ ተደበላልቆ የክረምት ጭቃ መሰለ፤ ሊቤ ኋላ ማቀዝቀዣውን እዚያ ፊት አቆመችው። የቀረው ግን፣ ካፌው ሲከፈት፣ ሰው ሻይ አዝዞ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ የሚቀመጥበት ሆነ። ሊቤም "ሥዕሉን ማን ሠራው?" ሲሏት ያን ቀን የነበሩትን ሁሉ በስም ትጠራለች፤ ድንቅቱንና ከሊፋን ጨምሮ።

ከዚያ ወዲህ ሳሊሃ በትእዛዝ አትስልም። ደዋይ ሲበዛ የምትመልሰው አንድ ነው፤ "አልስልልሽም፤ እሑድ ከሰዓት መጥተሽ ግን ራስሽ መሥራት ትችያለሽ።" እየመጡም ነው። ድንቅቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን በአሮጌ ጋቢ ለውጣ ትደርሳለች። ሊቤ ካፌውን ለሌላ ሰው ስታስረክብ ከሱሉልታ ትወርዳለች። ከሰበታ አንዲት ነርስ፣ ከእነ ሊቤ ሰምታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትመጣለች። ስለ ሥዕል የሚወራ የለም። ይልቅ ዝም ይባላል፤ አንዳንዴ ረጅም ዝምታ፤ አንዳንዴም አንዷ ታለቅስና ማንም ምን ሆንሽ ሳይላት ብሩሿን ትቀጥላለች፤ ቆይታም ትስቃለች።

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሑድ የጓሮውን ቆርቆሮ አጥር በውሃ ቀለም ሲያስጌጡ ሰማዩ ጠቆረ። ከሊፋ "ግቡ፣ ግቡ!" ሲል ዝናቡ ወረደ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ቀዩ ወደ ቢጫው፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴው እየተንሸራተተ አጥሩን ሁሉ ወረደና በቦዩ አድርጎ ወደ መንገዱ ጉዞ ጀመረ። ነርሷ ራሷን ይዛ "ወይኔ፣ ሥራችን!" አለች።

ሳሊሃ ግን ዝናቡ ውስጥ ገባች። ሻሿ እየራሰ፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ ቦዩን እየተከተለች በሩ ድረስ ሄደች። መንገዱ ላይ ታክሲ ለመጠበቅ ላስቲክ ተከናንበው የተሰለፉ ሰዎች በእግራቸው ሥር የሚያልፈውን ባለ ብዙ ቀለም ውሃ ጎንበስ ብለው ያዩ ነበር። አንዱ እግሩን አነሳለት፣ እንዲያልፍ።

"ድንቅቱ! ነይ እዪው!" ብላ ተጣራች ሳሊሃ። "ገፈርሳ ሊደርስ ነው እኮ!"